ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ብቻ የሚወድቀው ፍተሻ

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ይቀረዋል። ቢሮው ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ እኔና ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ገና ዓመት የሆናት የሥራ ባልደረባዬ። ጠዋት ለደንበኛ የምናስረክበው አንድ ትንሽ ፕሮግራም አለ። መስኮት የለው፣ የሚጫኑት አዝራር የለው፤ ጥቁሩ ተርሚናል ላይ ትእዛዝ ሲጻፍለት የዕለቱን የሽያጭ ፋይል ያነብባል፣ ከባንክ ከመጣው ዝርዝር ጋር ያመሳክራል፣ ያልተገናኘውን ለይቶ የዕለቱን ቀን በስሙ በያዘ ፋይል ያስቀምጣል። ቀኑን ሙሉ፣ በትክክል መሥራቱን የሚያረጋግጡት ፍተሻዎች ሁሉ ሲያልፉ ውለዋል። አሁን አንዱ ወደቀ።

«ጋሼ፣ እኔ ምንም አልነካሁም» አለች ስክሪኑን ወደ እኔ እያዞረች። «ከሰዓት ያለፈው ያው ኮድ ነው።»

እውነቷን ነበር። ደግመን አስኬድነው፤ ወደቀ። የእኔ ላፕቶፕ ላይ ሞከርነው፤ ወደቀ። ሰርቨሩ ላይ ስናስኬደው ግን አለፈ። ሁለት ሰዓት ያህል ኮዱን መስመር በመስመር ስናገላብጥ ቆየን። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ጥበቃው ሁለት ጊዜ መጥቶ አየንና ተመለሰ። ዘጠኝ ሰዓት እንዳለፈ ባልደረባዬ ተስፋ በቆረጠ ጣት አንድ ጊዜ ደግማ አስኬደችው። አለፈ። ደስ አላለንም፤ ፈራን። ያልነካነው ነገር ወድቆ፣ ሳንነካው ተነሥቷልና።

ምክንያቱን ያገኘነው ጎህ ሲቀድ ነው። አዲስ አበባ ግሪንዊችን በ3 ሰዓት ትቀድማለች። የላፕቶፓችን ቀን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ወደ ማግስቱ ይዞራል፤ የግሪንዊች ቀን ግን እኛ ከሌሊቱ 9 እስክንል ድረስ ትናንት ላይ ይቆያል። ፕሮግራሙ የፋይሉን ስም የሚያወጣው በግሪንዊች ቀን ነበር፤ ፍተሻው ደግሞ የሚጠብቀው በላፕቶፑ ቀን የተሰየመ ፋይል። በቀን ውስጥ ለ21 ሰዓት ሁለቱ ይስማማሉ፣ ለ3 ሰዓት ይጣላሉ። ሰርቨሩ ሰዓቱ በግሪንዊች የተሞላ ስለሆነ ጠቡን ጭራሽ አያየውም። ሌሊት የሚሸጥ ደንበኛ ቢኖረን ኖሮ በእነዚያ 3 ሰዓታት የሸጠው ሁሉ በትናንት ቀን ይመዘገብ ነበር። ይህን ያወቅነው በብልሃት አይደለም፤ ሥራ ስላልደረሰልን ብቻ ነው። በሰዓቱ ወደ ቤታችን ገብተን ቢሆን ኖሮ ፍተሻው ለዓመታት «አልፏል» እያለ ይኖር ነበር።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ትኩረቴ ከፍተሻዎቹ ወደ መሠረታቸው ወረደ፤ ፍተሻውን ተሸክመው ወደሚያቆሙት ረዳት መሣሪያዎች። ማንም አያወራላቸውም። ለደንበኛ አይታዩም፣ ለሥራ ቅጥር በሚጻፍ የሕይወት ታሪክ ውስጥ አይገቡም። ነገር ግን አንድ ፍተሻ እውነቱን ይናገር ወይም ይዋሽ የሚወሰነው እነሱ ዘንድ ነው።

መጀመሪያ የቃሉን ነገር ላንሣ። ፕሮግራመሮች ሁለት ዓይነት ፍተሻ ይለያሉ። ቤት ያሠራ ሰው ያውቀዋል፦ ሮቶው እንዳያፈስ ለብቻው ይታያል፣ ቧንቧው ለብቻው ይታያል፣ መገጣጠሚያው ለብቻው ይታያል። ይህ «ዩኒት ቴስት» የሚሉት ነው። ከዚያ ግን ማጀት ገብቶ ቧንቧውን ከፍቶ ውሃ መምጣቱን ማየት አለ፤ ይህ «ኢንተግሬሽን ቴስት» ነው። ሮቶውም ቧንቧውም ደህና ሆነው ውሃው ላይመጣ ይችላል።

እንደ እኛው ያለ የትእዛዝ መስመር ፕሮግራም በዚህ በኩል ከባድ ፍጡር ነው። ከውጭው ዓለም ብዙ ነገር ሳይጠየቅ ይዋሳል። ከተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ የቅንብር ፋይል ያነብባል። ሰዓቱን ያያል፣ የሰዓት ክልሉን ያያል፣ የኮምፒውተሩን ቋንቋ ያያል። ውጤቱ ወደ ሰው ዓይን ይሂድ ወይስ ወደ ሌላ ፕሮግራም ይፈስስ እንደሆነ አይቶ ቀለም ይጨምራል ወይም ይተዋል። የቆመበትን ፎልደር ስም ያያል። ከእነዚህ አንዱ በተለወጠ ቁጥር መልሱ ይለወጣል። ስለዚህ ፕሮግራሙን ከመፈተሽ በፊት ዓለሙን መያዝ ያስፈልጋል። ረዳት መሣሪያ የሚባለው ዓለሙን የሚይዘው እጅ ነው።

ይህን ሥራ በደንብ የሠሩትን ለማየት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። የኮድ ለውጦችን ታሪክ ለመያዝ በየቀኑ የምንጠቀምበት ጊት አለ። ጊትን ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2005 ጀመረው፤ የሊኑክስ ከርነል ገንቢዎች እስከዚያ ድረስ ይሠሩበት የነበረውን ቢትኪፐር የተባለ መሣሪያ በነጻ የመጠቀም መብት ባጡ ጊዜ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ኃላፊነቱን ለጁኒዮ ሃማኖ አስረከበ። ጊት ገና በዚያው የመጀመሪያ ዓመቱ ፍተሻ ነበረው። የምንጭ ኮዱን ያወረደ ሰው «ቲ» በምትባል፣ በአንዲት የላቲን ፊደል ብቻ በተሰየመች ፎልደር ውስጥ በተርሚናሉ የትእዛዝ ቋንቋ፣ በሼል፣ የተጻፉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ስክሪፕቶች ያገኛል። ስማቸው በዚያችው ፊደል ይጀምርና ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ያስከትላል። የመጀመሪያው አኃዝ ቤተሰቡን ይናገራል፦ በ0 የሚጀምሩት መሠረታዊ ነገሮችን፣ በ4 የሚጀምሩት በፋይሎች መካከል ያለውን ልዩነት ማሳየትን፣ በ5 የሚጀምሩት ከሌላ ቦታ ማምጣትና ወደ ሌላ ቦታ መላክን ይፈትሻሉ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ተቀምጬ አስኬድኳቸው። ተርሚናሉ ላይ «ኦኬ 1»፣ «ኦኬ 2»፣ «ኦኬ 3» እያለ መስመሩ ይወርዳል። አጻጻፉ «ታፕ» ይባላል፣ ከፐርል ቋንቋ ዓለም የመጣ ነው፤ ጥቅሙ ሰውም ማሽንም እኩል እንዲያነብበው መሆኑ ነው። ስክሪፕቶቹ አጫጭር ናቸው። ብዙዎቹ በተራ ሼል የተጻፉ፣ ጀማሪ የሚያነብባቸው። አጭር ሊሆኑ የቻሉት ሁሉም በመጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ አንድ ፋይል ስለሚጠሩ ነው፤ ትርጉሙ «የፍተሻ ቤተ መጻሕፍት» የሆነ ስም ያለው ፋይል። እኔ እሑዴን ያሳለፍኩት እሱን ሳነብብ ነው።

ፋይሉ ሥራውን የሚጀምረው በማጽዳት ነው። የኮምፒውተሩን ቋንቋ ወደ ተራው መደበኛ ይመልሳል። የሰዓት ክልሉን ግሪንዊች ያደርጋል። የተጠቃሚው ግላዊ ቅንብሮች እንዳይገቡ ጊት የሚያያቸውን ቫርያብሎች ይሰርዛል፣ የኮምፒውተሩ አጠቃላይ የጊት ቅንብርም እንዳይነበብ ያግዳል። ከዚያ ለፍተሻው ጊዜያዊ ፎልደር ይከፍትና የተጠቃሚው የግል ፎልደር ይህ ነው ብሎ ለጊት ይነግረዋል። ጊት «ቤቴ» ብሎ ሲዞር የሚያገኘው ባዶ ክፍል ነው። የማንም ስም የለበትም፣ የማንም ምርጫ የለበትም። ፍተሻው ሲያልፍ ፎልደሩ ይጠፋል፤ ሲወድቅ ግን እንዳለ ይቀራል፣ መርማሪው ገብቶ እንዲያይ።

የዚያ ፎልደር ስም የሚያስደንቅ ነገር አለው። በመካከሉ ክፍት ቦታ አለ። ቀድሞ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ሆን ተብሎ ሁለት ቃል፣ በመሃሉም ባዶ ቦታ ያለው ሆነ። ሼል የጻፈ ሰው ምክንያቱን ወዲያው ይገባዋል። በስሙ ውስጥ ክፍት ቦታ ያለበት ፎልደር ጥቅስ ምልክት የተረሳበትን ኮድ ሁሉ ይሰብራል፤ አንዱን ስም ሁለት አድርጎ ያነብበዋልና። ፕሮግራመሮች የራሳቸውን ፎልደር ክፍት ቦታ ሳይጨምሩ ይሰይማሉ፤ ተራው ተጠቃሚ ግን «የእኔ ሰነዶች» ብሎ ይሰይማል። በዚያች አንዲት ባዶ ቦታ ምክንያት በጊት ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ፍተሻ፣ ጸሐፊው አሰበውም አላሰበው፣ የተራውን ተጠቃሚ ፎልደር ይፈትሻል። ከዚህ የበለጠ ረዳት ምን ይባላል? ፍተሻ የሚጽፈው ሰው የሚረሳውን ያስታውስለታል።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነውና።

ጊት እያንዳንዱን የሥራ ምዕራፍ፣ ኮሚት የሚሉትን፣ በረጅም መለያ ቁጥር ያውቀዋል። ቁጥሩ በዕጣ የሚወጣ አይደለም፤ ከይዘቱ ተሰልቶ ነው የሚገኘው። በስሌቱ ውስጥ የፋይሎቹ ይዘት፣ የጸሐፊው ስም፣ መልእክቱና ሰዓቱ ይገባሉ። አንድ ሰከንድ ቢለወጥ መለያው ከላይ እስከ ታች ይለወጣል። እንግዲህ ፍተሻው «የዚህ ኮሚት መለያ ይህ መሆን አለበት» ብሎ ለማለት ሰዓቱ በቶኪዮም በአዲስ አበባም፣ ዛሬም የዛሬ ዓመትም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ስለዚህ የጊት ረዳቶች የራሳቸው ሰዓት አላቸው። «ቴስት ቲክ» የምትባል ትንሽ ፈንክሽን ናት፤ ስትጠራ ሰዓቱን በ60 ሰከንድ ትገፋዋለች። በሁለት ጥሪ መካከል ዓለም ትቆማለች።

ሰዓቱ የሚጀምርበት ቁጥር 1112911993 ነው። ይህ ከእ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ የተቆጠረ ሰከንድ ነው። ወረቀት አውጥቼ ሠራሁት። ሚያዝያ 7 ቀን 2005፣ በግሪንዊች 22 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 29 ቀን 1997 ዓ.ም. አምሽቶ ወደ 30 የተሻገረበት፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ13 ደቂቃ። ከዚያ የጊትን ታሪክ ወደ ኋላ ገልጬ የመጀመሪያውን ኮሚት አየሁ። ያው ሰከንድ ነው። ቶርቫልድስ ጊትን ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበበት ቅጽበት ነው። በዓለም ላይ የጊት ፍተሻ በተካሄደ ቁጥር ሰዓቱ ጊት ወደ ተወለደባት ሰከንድ ይመለስና ከዚያ በደቂቃ በደቂቃ ይቆጥራል።

ከሰዓቱ ጋር ስምም ተሰጥቷል። በፍተሻው ዓለም የሚጽፈው ሰው «ኤ ዩ ቶር» ይባላል፣ የሚመዘግበው «ሲ ኦ ሚተር»። ጸሐፊና መዝጋቢ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ፊደላቸውን ነጣጥለው የሰው ስም አስመስለዋቸዋል። ሁለቱ የሌሉ ሰዎች ለዓመታት በእያንዳንዱ ፍተሻ ውስጥ ሲሠሩ ኖረዋል። በዚህ ላይ «ቴስት ኮሚት» የምትባል ረዳት አለች፤ አንድ ቃል ትሰጣታለህ፣ በዚያ ስም ፋይል ትፈጥራለች፣ ሰዓቱን ትገፋለች፣ ትመዘግባለች፣ ምልክት ታስርበታለች። ያለ እሷ ስድስት ሰባት መስመር የሚፈጀው አንድ መስመር ይሆናል። ፍተሻውን የሚያነብብ ሰው ስለ ዝግጅቱ ሳይሆን ስለሚፈተሸው ነገር ያስባል።

እስካሁን ያነሣኋቸው ረዳቶች ዓለሙን የሚይዙ ናቸው። ከእነሱ በላይ ከልቤ ያደነቅኳቸው ግን ፍተሻው ራሱ እንዳይዋሽ የሚጠብቁት ናቸው።

አንድ ፕሮግራም ስህተት ሲያጋጥመው በትክክል «አልችልም» ብሎ መውጣት አለበት። ይህም ይፈተሻል፦ የሌለ ፋይል ስጠው፣ እንቢ ማለቱን አረጋግጥ። ሼል ውስጥ ይህን ለመጻፍ ቀላሉ መንገድ የቃለ አጋኖ ምልክት ነው፤ «ትእዛዙ ካልተሳካ ፍተሻው ተሳካ» ይላል። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሙ «ፋይሉ የለም» ብሎ በጨዋነት ቢወጣም አልተሳካም፤ ማኅደረ ትውስታ ጥሶ ተሰባብሮ ቢወድቅም አልተሳካም። ቃለ አጋኖው ሁለቱን አይለይም። የተሰበረ ፕሮግራም ፍተሻውን ያልፋል። የጊት ረዳት «ቴስት መስት ፌይል» ይህን ትለያለች። ፕሮግራሙ ሲያበቃ የሚተወውን የመውጫ ቁጥር ታያለች። ቁጥሩ 127 ከሆነ ትእዛዙ ጭራሽ አልተገኘም ማለት ነው፤ አትቀበለውም። 139 ከሆነ ማኅደረ ትውስታ በመጣስ ተገድሏል ማለት ነው፤ 128 ላይ የምልክቱ ቁጥር 11 ተደምሮ። አትቀበለውም። በጨዋነት እንቢ ያለውን ብቻ ታሳልፋለች። በእኛ ቢሮ ፍተሻዎች ውስጥ ቃለ አጋኖውን ስንቆጥር ከሠላሳ በላይ ቦታ አገኘነው። ከእነዚህ በአንዱ የፕሮግራሙ ስም በስህተት ተጽፎ ነበር። የሌለ ትእዛዝ ሁልጊዜ አይሳካም፤ ስለዚህ ፍተሻው ሁልጊዜ ያልፍ ነበር። ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ ፕሮግራማችንን ነክቶ አያውቅም።

ሁለተኛው ብልሃት የበለጠ ረቂቅ ነው። በሼል ውስጥ አምስት ትእዛዝ በተከታታይ ብትጽፍ የጠቅላላው ውጤት የመጨረሻው ትእዛዝ ውጤት ነው። ሁለተኛው ቢወድቅና አምስተኛው ቢሳካ «ተሳክቷል» ይላል። ስለዚህ ትእዛዞቹን «&&» በሚለው ምልክት ማያያዝ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከወደቀ ቀጣዩ አይኬድም። ሰው ግን ይረሳል። በሃያ መስመር ፍተሻ ውስጥ አንድ ምልክት ብትጎድል ከእሷ በላይ ያለው ሁሉ ቢወድቅም አይሰማም። የጊት ሰዎች እንዴት ያዙት? እያንዳንዱን ፍተሻ ከማስኬዳቸው በፊት ከፊቱ አንድ ትእዛዝ ይቀጥላሉ፤ በቁጥር 117 የሚወጣ ትእዛዝ። ሰንሰለቱ ሙሉ ከሆነ የመጀመሪያው ስለወደቀ የቀረው አንዱም አይኬድም፣ 117 ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። በአንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ትእዛዝ ይኬዳል፣ ሌላ ቁጥር ይወጣል። 117 ካልመጣ «ሰንሰለቱ ተበጥሷል» ብሎ ስክሪፕቱን ያቆመዋል። ይህን ባነበብኩበት ሰዓት ተነሥቼ ክፍሉን ዞርኩ። የማንንም ኮድ ሳያነብብ፣ ማንንም ሳይወቅስ፣ በአንድ ቁጥር ብቻ የሰውን መዘንጋት ይይዛል። ኋላ ላይ ደግሞ ስክሪፕቱን አንብቦ በውስጠኞቹ ቅንፎችና ዑደቶች ያለውን ብጣሽ የሚፈልግ ራሱን የቻለ መርማሪ ተጨመረለት።

እነዚህ ረዳቶችም ይፈተሻሉ። ቁጥሩ አራት ዜሮ የሆነው የመጀመሪያው ስክሪፕት ከሚሠራው ውስጥ ሰፊው ክፍል የፍተሻ ቤተ መጻሕፍቱን ራሱን መፈተሽ ነው። ሆን ብሎ የሚወድቅ ትንሽ ፍተሻ ይጽፋል፣ ያስኬደዋል፣ ረዳቱ «ወደቀ» ማለቱን ያረጋግጣል። መጀመሪያ መውደቅ የሚችል መሆኑን ያላሳየ ፍተሻ ማለፉ ምንም አይነግርህም። ለባልደረባዬ ከዚያ ሌሊት በኋላ ያልኳት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ አዲስ ፍተሻ ስትጽፊ መጀመሪያ ኮዱን አበላሺውና ሲወድቅ አይተሽ መልሺው።

በሌላ ጎዳና የሄዱም አሉ። የራስት ቋንቋን ፕሮጀክቶች የሚገነባው ካርጎ ረዳቶቹን የጻፈው በራሱ በራስት ነው። ፍተሻው ጥቂት ፋይሎች ያሉት ትንሽ ፕሮጀክት በጊዜያዊ ፎልደር ይፈጥራል፣ ካርጎን ያስኬዳል፣ የታተመውን ጽሑፍ ከሚጠበቀው ጋር ያስተያያል። ችግሩ የታተመው ጽሑፍ ውስጥ በየጊዜው የሚለወጥ ነገር መኖሩ ነው፤ ግንባታው የፈጀው ሰከንድ፣ የፎልደሩ አድራሻ፣ በዊንዶውስ ላይ ወደ ኋላ የሚያዘነብለው ጭረት። ረዳቶቹ እነዚህን በቋሚ ምልክት ይተካሉ፤ «የፈጀው ጊዜ»፣ «ሥሩ» እንደ ማለት። የቀረው ቃል በቃል መመሳሰል አለበት። ካርጎ ከኢንተርኔት የሌሎችን ኮድ ስለሚያወርድ ደግሞ ረዳቶቹ የውሸት ማከማቻ ያቆማሉ። ፍተሻው «እንዲህ የሚባል ጥቅል፣ ቁጥሩ 1.0.0 የሆነ ታትሟል» ይላል፣ ካርጎም እውነት መስሎት ያወርዳል፤ ኢንተርኔት ግን አልተነካም። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ለምንሠራ ሰዎች ይህ ቅንጦት አይደለም። እኛ ዘንድ ኢንተርኔት ሲሄድ የሚወድቅ ፍተሻ ሰው እንዲንቀው የተፈረደበት ነው፤ «ኔትወርኩ ነው» ተብሎ የታለፈ ውድቀት ውስጥ እውነተኛ ስህተት ይደበቃል።

እንደ ጊት የኮድ ታሪክ የሚይዘው የሜርኩሪያል ሰዎች ደግሞ ፍተሻቸውን ተርሚናል ላይ የተደረገ ውይይት አስመስለው ይጽፉታል። ትእዛዙ ገባ ብሎ ከዶላር ምልክት በኋላ፣ መልሱ ከሥሩ። በመካከል ተራ ማብራሪያ። ያነበበው ሰው መሣሪያውን ይማራል፣ ማሽኑ ደግሞ ያስኬደዋል። መልሱ ከተለወጠ ልዩነቱን አሳይቶ «ልቀበለው?» ብሎ ይጠይቃል። ካርጎም ተመሳሳይ መንገድ አለው፤ የሚጠበቀውን ጽሑፍ በአንድ ትእዛዝ በአዲሱ ይተካዋል። ምቾቱን አልክድም። አደጋውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ፦ ዓርብ ከሰዓት፣ አርባ ፍተሻ ወድቆ፣ ሰው ሳያነብብ «ተቀበል» ሲል። በዚያች ቅጽበት ስህተቱ ሕጋዊ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ፍተሻው የሚጠብቀው ስህተቱን ነው። እንዲህ ያለ ረዳት ያለው ቡድን ልዩነቱን ሌላ ሰው ሳያነብበው እንዳይገባ ደንብ ማውጣት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉም በላይ እኛን የሚነካን ነገር የፊደላችን ጉዳይ ነው።

ጊት ባለበት ፎልደር ውስጥ «ሰላም» የሚል ፋይል ፍጠርና ሁኔታውን ጠይቀው። ቅንብሩን ካልነካኸው የሚያሳይህ ይህን ነው፦ «\341\210\260\341\210\213\341\210\235»። ሦስት ፊደል፣ ዘጠኝ ቁጥር። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ቦታ አግኝቷል፤ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ጊት በነባሪው ከተራው የእንግሊዝኛ ፊደል ኮድ (አስኪ) ውጭ ያለውን ባይት ሁሉ በስምንት መሠረት ቁጥር ይጽፈዋል። «ኮር» በሚለው ክፍል ሥር «ክዎት ፓዝ» የሚባለውን ቅንብር ሲያጠፉት ስሙ በፊደሉ ይታያል። ይህ የታወቀና የተመዘገበ ጠባይ ነው፤ ችግር የሚሆነው በጊት ውጤት ላይ ተመሥርቶ የራሱን መሣሪያ ለሚጽፍ፣ ፍተሻውን ግን በላቲን ስሞች ብቻ ለሚያስኬድ ሰው ነው።

እኛም ያው ነበርን። የፍተሻ ፋይሎቻችን ሁሉ በላቲን የተሰየሙ፣ የዕቃው ስሞች በላቲን። ደንበኛው ግን «ሽንኩርት»፣ «በርበሬ» ብሎ ይጽፋል። ፕሮግራማችን ሠንጠረዡን ሲያሰልፍ ፊደል ሳይሆን ባይት ይቆጥር ነበር። «በርበሬ» አራት ፊደል ናት፤ እሱ ዘንድ 12። ዓምዱ ተንጋደደ። ፍተሻው ግን አላየውም። በአንጻሩ አንድ ደስ ያለኝ ነገር አገኘሁ፦ ቋንቋው ወደ ተራው መደበኛ ተመልሶ ስሞች በባይት ሲደረደሩ የግዕዙ ተራ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለ ይወጣል። ዩኒኮድ ፊደላቱን ያስቀመጠው በሀ ሁ ቅደም ተከተል ስለሆነ ነው። «ሰላም» እና «ሠላም» ግን ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው፤ አንዱን የጻፈ ደንበኛ ሌላውን ፈልጎ ቢያጣ ጥፋቱን የእሱ አድርገን ማለፍ አንችልም።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ባለው ወር ባልደረባዬ የረዳት ፋይላችንን እንደ አዲስ ጻፈችው። ፕሮግራሙ ሰዓቱን ከአንድ ቫርያብል እንዲያነብብ አደረገች፤ ቫርያብሉ ከሌለ ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ሰዓት ይሄዳል። ከቀን ጋር የሚነካካ ፍተሻ ሁሉ አሁን ሁለት ጊዜ ይኬዳል፤ አንድ ጊዜ በቀትር፣ አንድ ጊዜ በአዲስ አበባ ሰዓት ከሌሊቱ 7 ሰዓት። የግል ፎልደሩ ባዶ ነው፤ ስሙም «የፍተሻ ቤት» ነው፣ በግዕዝ ፊደል፣ በመሃሉ ክፍት ቦታ ያለው። አዲሱ ፋይል በገባበት ቀን ብቻ አምስት ፍተሻዎች ወደቁ፣ አምስቱም እውነተኛ ስህተት ነበራቸው።

ይህን የምታነብቡ ፕሮግራም ጻፊዎች ሁሉ፣ ለአገራችን ሰው የሚሆን መሣሪያ የምትሠሩ፣ አዲስ አበባም ሁኑ ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭም ሁኑ ዱባይ፣ አንድ ልመና አለኝ። የፍተሻችሁን ጊዜያዊ ፎልደር ዛሬውኑ በግዕዝ ፊደል ሰይሙት፣ በስሙ መካከልም አንድ ባዶ ቦታ ተዉለት።